ወረቀቱ ሳይቆርጥብን እኛው እንከርክም

ትምህርቴን በውጭ አገር አጠናቅቄ በተመለስኩበት ዓመት ቤተ ዘመዱ ሁሉ በእናቴ ቤት ተሰብስቦ ነበር። እንዲህ ያለው አጋጣሚ በየጊዜው የሚገኝ ባለመሆኑ ከግቢው አጥር ሥር በአንድ ረድፍ ተሰልፈን ፎቶግራፍ ለመነሣት ወሰንን። ዲጂታል ካሜራዬን በሦስት እግር መቆሚያ ላይ አድርጌ፣ በራሱ ጊዜ እንዲያነሣን አዘጋጅቼ፣ ሮጬ ከመካከላቸው ገባሁ። በጠቅላላው አሥራ ሁለት ነበርን፤ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን የምስሉን ወርድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልተነዋል። አያቴ "እማማ፣ መካከል ይግቡ" ተብለው ቢለመኑም፣ "ለእኔ ዳሩ ይበቃኛል" ብለው በቀኙ ጫፍ ቆሙ። በግራው ጫፍ የቆመው ደግሞ ከሁላችንም ታናሽ የነበረው የአክስቴ ልጅ ነበር።

ምስሉን በፍላሽ ይዤ ወደ አንድ ፎቶ ቤት ወሰድኩና በ20 በ25 ሴንቲ ሜትር ወረቀት አሳጠብኩት፤ ባለ መስታወት ፍሬም ውስጥ አስገብቼም ለእናቴ አበረከትኩላት። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ በኋላ አያቴ ተጠግተው በጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሩን። ቆጥረው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው፣ "ልጄ፣ እኔን የት አደረስከኝ?" አሉኝ። እኔም ብቆጥር በምስሉ ላይ ያሉት አሥር ሰዎች ብቻ ናቸው። ከአያቴ የተረፈው በቀኙ ጠርዝ ላይ የሚታየው የነጠላቸው ጥለት ሲሆን፣ የአክስቴ ልጅ ግን ጨርሶ አልነበረም።

የብርሃንን ጠባይ ለዓመታት ያጠናሁ ሰው፣ አንዲት ቀላል የክፍልፋይ ሒሳብ ባለመሥራቴ አያቴን ከቤተሰባቸው ነጥዬ ጣልኳቸው። ፎቶ ቤቱን ልወቅስ አልችልም፤ የሰጠሁትን ምስል ባዘዝኩት ወረቀት ላይ ሞልቶ አትሟል። ጥፋቱ መወሰን የሚገባኝን ነገር ሳልወስን ማስረከቤ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምሞክረው ሐሳብም ከዚህ ገጠመኝ የመነጨ ነው። የምስሉና የወረቀቱ ቅርጽ እስካልተስማማ ድረስ ወይ ከምስሉ አንድ ነገር ይቆረጣል፣ ወይ ከወረቀቱ ባዶ የሚቀር ቦታ ይኖራል። መቆረጥ ካለበት ደግሞ ቆራጩ የምስሉ ባለቤት እንጂ ማሽኑ ሊሆን አይገባም። በመሆኑም ፎቶግራፍን ለኅትመት ከመስጠት በፊት፣ እዚያው በካሜራው ወይም በስልኩ ላይ፣ አስቦና ለክቶ መከርከም ማንኛውም ተማሪ ሊያዳብረው የሚገባ ልማድ ነው እላለሁ። ቋንቋችንም ለነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ለመታወቂያና ለማመልከቻ የምንሰጠውን ምስል "ጉርድ ፎቶግራፍ" ብለን የምንጠራው ከሰውነታችን የትኛው ክፍል እንደሚቀርና የትኛው እንደሚጎረድ አስቀድሞ የተወሰነ በመሆኑ ነው።

ሁለቱ ቅርጾች የማይገጥሙበት ምክንያት

የአንድ ምስል ቅርጽ የሚገለጸው በወርዱና በቁመቱ ምጥጥን ነው። ይህ ምጥጥን ከተፈጥሮ ሕግ የተገኘ ሳይሆን ከታሪክ የተወረሰ ነው። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም መጀመሪያ ያገለገለው ለሲኒማ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ከቶማስ ኤዲሰን ቤተ ሙከራ የወጣው የምስል ቅርጽ 4 ለ3 ነበር። በጀርመን አገር በላይትስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኦስካር ባርናክ ይህንኑ ፊልም ለትንሽ የእጅ ካሜራ ሲጠቀምበት፣ የሲኒማውን 18 በ24 ሚሊ ሜትር ምስል በእጥፍ አሳድጎ 24 በ36 ሚሊ ሜትር አደረገው፤ ምጥጥኑም 3 ለ2 ሆነ። ካሜራው ላይካ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ቀረበ። ሌንሳቸው የሚቀያየር ዲጂታል ካሜራዎች በአብዛኛው እስከ ዛሬ የሚከተሉት ይህንኑ የባርናክን ምጥጥን ነው።

የቴሌቪዥንና የኮምፒውተር ስክሪኖች ግን ለረጅም ጊዜ በሲኒማው 4 ለ3 ጸንተው ቆዩ። ትንንሾቹ ዲጂታል ካሜራዎችና አብዛኞቹ የእጅ ስልኮችም ይህንን ቅርጽ ወረሱ። ወረቀቱ በበኩሉ የራሱ ታሪክ አለው። 10 በ15 የምንለው ወረቀት ምጥጥኑ 3 ለ2 ስለሆነ ከባርናክ ፊልም ጋር ይስማማል። 20 በ25 የምንለው፣ በኢንች 8 በ10 የሆነው ወረቀት ግን ምስል ከትልልቅ ካሜራዎች ሳይጎላ በቀጥታ ወደ ወረቀት ይገለበጥ ከነበረበት ዘመን የመጣ ነውና ምጥጥኑ 5 ለ4 ነው።

አሁን ወደ አያቴ እንመለስ። ካሜራዬ 3 ለ2 ነበር። የምስሉ ቁመት 20 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ሲጎላ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ወረቀቱ ግን 25 ብቻ ነው፤ ስለዚህ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም የወርዱ አንድ ስድስተኛ፣ ከወረቀቱ ውጪ ይቀራል። ማሽኑ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው መካከሉን ይዞ ከሁለቱም ወገን እኩል ይቆርጣልና ከቀኝ 2.5፣ ከግራም 2.5 ሴንቲ ሜትር ሄደ። አሥራ ሁለት ሰው በ30 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደለደል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው። እንግዲህ ከየዳሩ አንድ አንድ ሰው መጥፋቱ የዕድል ጉዳይ ሳይሆን የሒሳብ ውጤት ነበር።

በእጅ ስልክ የሚነሡትን ምስሎች ብንወስድ ደግሞ ነገሩ መልኩን ይቀይራል። የ4 ለ3 ምስል በ10 በ15 ወረቀት ላይ ሲሞላ ወርዱ 15 ሲሆን ቁመቱ 11.25 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ 1.25 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም የቁመቱ አንድ ዘጠነኛ፣ ይጠፋል። ስልኩ አግድም ተይዞ ከነበረ የሚቆረጠው ከራስጌና ከግርጌ ነው፤ ቆሞ ከነበረ ግን ከግራና ከቀኝ ይሆናል። ምስሉ 16 ለ9 ከሆነ ደግሞ በዚሁ ወረቀት ላይ ከወርዱ ከመቶ 16 ያህሉ ይሄዳል። 13 በ18 የሚባለው ወረቀት ግን ለ4 ለ3 እጅግ የተቀራረበ በመሆኑ የሚጠፋው ጥቂት ነው። በዚህ ሁሉ ላይ፣ ነጭ ጠርዝ እንዳይቀር ተደርጎ የሚታተም ምስል ከወረቀቱ ጥቂት ሰፍቶ እንዲታተም ስለሚደረግ ከአራቱም ጎን ጥቂት ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ቅርጹ የገጠመ ምስል እንኳ ፍጹም ሙሉውን አይወጣም ማለት ነው።

ምን ያህል መቁረጥ ይቻላል?

አንድ ሰው ምስሉን ራሱ ለመከርከም ሲነሣ የሚገጥመው የመጀመሪያ ጥያቄ የልክ ጥያቄ ነው። መልሱ የሚጀምረው ከዓይናችን ነው። ጤነኛ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለያይቶ እንዲያይ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ከአንድ ዲግሪ አንድ ስድሳኛ ያህል ማነስ የለበትም። ይህ ማዕዘን በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሲለካ 0.087 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ25.4 ሚሊ ሜትር ውስጥ፣ 290 ያህል እንዲህ ያሉ ነጥቦች ይሰለፋሉ። የኅትመት ባለሙያዎች "በኢንች 300" የሚሉት ቁጥር ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ በሴንቲ ሜትር ሲሰላ 118 ፒክስል ይሆናል።

ከዚህ በመነሣት ለእጅ የሚበቃ 10 በ15 ፎቶግራፍ 1180 በ1770 ፒክስል ያህል ይፈልጋል፤ ይህም 2.1 ሚሊዮን ገደማ ነው። የ20 በ25ቱ ደግሞ 2360 በ2950፣ ማለትም 7 ሚሊዮን ያህል ይሻል። በ3 ሜትር ርቀት የሚታይ ትልቅ የግድግዳ ሥዕል ግን ርቀቱ አሥር እጥፍ ስለሆነ በኢንች 30 ፒክስል ይበቃዋል። ስለዚህ "ይህ ካሜራ ጥራቱ ስንት ነው?" ከማለት ይልቅ "ይህ ምስል በየትኛው ወረቀት ላይ ታትሞ ከምን ያህል ርቀት ይታያል?" ማለት ይበልጥ ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

12 ሚሊዮን ፒክስል ያለው አንድ ስልክ 4000 በ3000 ምስል ይሰጣል እንበል። ወርዱንም ቁመቱንም በግማሽ ብንከረክመው የሚቀረው 2000 በ1500 ነው። ቁጥሩ ግማሽ ሳይሆን ሩብ ሆነ፤ 3 ሚሊዮን። ይህ ለ10 በ15 ወረቀት ከበቂ በላይ ነው። እንደገና በግማሽ ብንከረክመው 1000 በ750 ይሆናል። ከዚህ ላይ ለወረቀቱ ቅርጽ ሲባል አንድ ዘጠነኛው ሲቀነስ 1000 በ667 ይቀራል፤ በሴንቲ ሜትር 67፣ በኢንች ደግሞ 170 ፒክስል ብቻ። በዚህ ደረጃ ጠጋ ብሎ የሚያይ ሰው የፀጉሩንና የዓይን ሽፋሽፍቱን መደብዘዝ መመልከት ይጀምራል። ሁለት ጊዜ በግማሽ መቁረጥ ቀላል ይመስላል፤ ያጠፋነው ግን ከአሥራ ስድስቱ አሥራ አምስቱን እጅ ነው።

ክርከማ የማይሠራው ነገር

ከጥቂት ዓመታት በፊት አያቴ አረፉ። በአገራችን ደንብ እንደሚታወቀው ለሐዘኑ ቤት ጎላ ያለ የፊታቸው ምስል ያስፈልግ ነበር። ቢፈለግ ቢፈለግ በቅርብ ተነሥተውት ያለው ምስል የሠላሳ ዓመት ዕድሜ ያለው የመታወቂያ ጉርድ ብቻ ሆነ። ስለዚህ ሁላችንም ያስታወስነው ያንን የአሥራ ሁለት ሰው ፎቶግራፍ ነበር። ዋናው ፋይል በእጄ ስለነበረ ከፈትኩትና ፊታቸውን ከረከምኩት። ምስሉ 6000 ፒክስል ወርድ ነበረው፤ ለአሥራ ሁለት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 500 ይደርሳል፤ ከዚህም ውስጥ ፊታቸው የያዘው 200 ያህሉን ነበር። በወረቀቱ ላይ ፊታቸው 10 ሴንቲ ሜትር ወርድ እንዲኖረው ተፈልጎ ሲታተም በሴንቲ ሜትር 20 ፒክስል፣ በኢንችም 50 ብቻ ሆነ። የወጣው ምስል ደብዛዛና ድንበሩ የማይለይ ነበር።

አንድ ዘመድ ምስሉን ወስዶ በሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚሠራ ፕሮግራም "አጥርቶ" አመጣው። ሽፋሽፍቱ ተለይቶ ይታያል፤ የቆዳው መስመር ጠርቷል፤ ዓይኖቹ ያበራሉ። እናቴ ለረጅም ጊዜ ተመልክታ፣ "ይህቺ እኮ እማዬ አይደለችም" አለች። ትክክል ነበረች። ፕሮግራሙ ያደረገው ከብዙ ሌሎች ፊቶች የተማረውን በማገናዘብ ባዶውን ቦታ በግምት መሙላት ነው። የሞላው የአንዲት አሮጊት ፊት ነበር፤ የአያቴ ግን አልነበረም። በመጨረሻ ያስቀመጥነው ደብዛዛውን ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለፊዚክስ ተማሪ አዲስ ሊሆን አይገባም፤ ያልተመዘገበ መረጃ በኋላ ሊፈጠር አይችልም። ካሜራዎች "ዲጂታል ዙም" እያሉ የሚያቀርቡት ነገር በመሠረቱ ክርከማ ነው፤ የመካከሉን ክፍል ቆርጦ በስሌት ያሰፋዋል። ሌንሱ በእውነት ተንቀሳቅሶ የሚያቀርበው ዙም ግን ከሩቁ ነገር የሚመጣውን ብርሃን በሴንሰሩ ሙሉ ስፋት ላይ ስለሚዘረጋው አዲስ ዝርዝር ያመጣል። የመጀመሪያው በቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን በቦታውና በጊዜው ብቻ የሚገኝ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ብርሃን በቅንጣት በቅንጣት፣ ማለትም በፎቶን፣ የሚደርስ በመሆኑ በአንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው መጠን ይዋዥቃል። በአማካይ 10,000 ፎቶኖች በሚያርፉበት ቦታ መዋዠቁ የቁጥሩ ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 100 ያህል ነው፤ ይህም ከመቶ አንድ ነው። 100 ፎቶኖች ብቻ በሚያርፉበት ቦታ ግን መዋዠቁ 10 ሆኖ ከመቶ አሥር ይደርሳል። በጨለማ ክፍል ያነሣነው ምስል ላይ እንደ አሸዋ የሚበተነው ነጠብጣብ አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። ከምስሉ አንድ አሥራ ስድስተኛውን ቆርጠን በዚያው ወረቀት ላይ ብናትመው፣ የወረቀቱ እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚወክለው ብርሃን በ16 እጥፍ ያንሳል፤ ነጠብጣቡም ከብርሃኑ አንጻር በ4 እጥፍ ይጎላል። የእጅ መንቀጥቀጡም፣ የሌንሱም ጉድለት አብሮ ያድጋል። "የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" እንዲሉ፣ መቀስ የያዘ እጅ ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

አንዳንዶች "ጥሩ ፎቶግራፍ አንሺ አይከረክምም፤ ሲያነሣ ነው የሚመርጠው" ይላሉ። ለዚህ አቋም በብዛት የሚጠቀሰው ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን ነው። አነጋገሩ እውነትነት አለው፤ ሲነሣ የታሰበበት ምስል ሲከረከም ብዙ አይጎዳም። ነገር ግን ካርቲዬ ብሬሶን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1932 በፓሪስ ከሴንት ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያነሣው፣ በውሃ ላይ የሚዘል ሰው የሚታይበት ታዋቂ ምስል የተከረከመ ነው። በአጥር መካከል ሲያነሣ የእንጨቱ ክፍል በምስሉ ውስጥ ገብቶበት ነበርና። በየቲሸርቱ ላይ የምናየው የቼ ጉቬራ ፊትም እንዲሁ ነው። አልቤርቶ ኮርዳ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1960 በሃቫና ባነሣው ሙሉ ምስል ላይ በአንድ ወገን የሌላ ሰው የጎን ገጽታ፣ በሌላው ወገን የዘንባባ ቅጠል ይታያል። ዓለም የሚያውቀው ግን ሁለቱም የተቆረጡበትን ነው። እንግዲህ ጥያቄው መከርከም ይገባል ወይስ አይገባም አይደለም።

ሌሎች ደግሞ "ይህ የፎቶ ቤቱ ሥራ ነው፤ እኛ ለምን እንደክማለን?" ይላሉ። ፎቶ ቤት ውስጥ የሚሠራው ሰው ስለ ብርሃንና ስለ ቀለም ከእኛ የተሻለ ያውቅ ይሆናል። ዳር የቆሙት አሮጊት እነማን እንደሆኑ ግን ሊያውቅ አይችልም። ያንን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። ስለዚህ የሙያውን ለባለሙያው ትተን፣ የማስታወሱን ግን ለራሳችን መያዝ ይገባናል።

ሦስተኛው አስተያየት "ጨርሶ ሳይቆረጥ በነጭ ጠርዝ ይታተም" የሚል ነው። ይህን እኔም እቀበላለሁ። የ3 ለ2 ምስል በ20 በ25 ወረቀት ላይ ሳይቆረጥ ሲታተም ወርዱ 25፣ ቁመቱ 16.7 ሴንቲ ሜትር ይሆንና ከላይና ከታች 1.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ነጭ ይቀራል። ለብዙ ሰው ይህ "ያልሞላ" ሆኖ ይታየዋል። እኔ ግን ባዶ ወረቀት ከጎደለ ሰው ይሻላል ባይ ነኝ። ቁም ነገሩ ይህንንም ቢሆን አስቦ የሚመርጠው ባለቤቱ መሆኑ ነው።

ዳር የቆመው እንደ ማስረጃ

ነገሩ ከቤተሰብ አልበም አልፎ ወደ አደባባይ ሲወጣ ክብደቱ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 በስዊዘርላንድ ዳቮስ ከተማ አምስት ወጣት የአየር ንብረት ተሟጋቾች አንድ ላይ ፎቶግራፍ ተነሡ። አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል ምስሉን ከርክሞ ሲያሰራጨው የቀሩት አራት ነጮች ነበሩ፤ የተቆረጠችው ዳር የቆመችው ዑጋንዳዊቷ ቫኔሳ ናካቴ ናት። በመጀመሪያ የተሰጠው ምክንያት ከኋላዋ የሚታየው ሕንፃ የምስሉን ውበት ስለሚያውክ ነው የሚል ነበር። ናካቴ በበኩሏ የተሰረዘችው እርሷ ብቻ ሳትሆን አንድ አህጉር እንደሆነ ተናገረች። ድርጅቱም በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። ከርካሚው ክፉ ሐሳብ ነበረው ብሎ መደምደም አያስፈልግም። ሕንፃውን ብቻ አይቶ ሰውየዋን አለማየቱ በራሱ በቂ ጥፋት ነው።

በሳይንስም እንዲሁ ነው። ጆርናል ኦቭ ሴል ባዮሎጂ የተሰኘው መጽሔት ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለኅትመት የተቀበላቸውን ጽሑፎች ምስሎች አንድ በአንድ መመርመር የጀመረው፣ ምስልን በኮምፒውተር መቀየር እጅግ ቀላል በመሆኑ ነበር። ለውበት ሲባል የተቆረጠ የምስል ጠርዝ አንዳንድ ጊዜ ውጤቱን የሚቃወመውን ማስረጃ ይዞ ይሄዳል። በቤተ ሙከራ ሪፖርቶቻችሁም ላይ ይህን አስተውሉ። በማይክሮስኮፕ አንስታችሁ "400 ጊዜ የጎላ" ብላችሁ የጻፋችሁበትን ምስል ከርክማችሁ በገጹ ሙሉ ብታሰፉት ቁጥሩ ሐሰት ይሆናል። በምስሉ ውስጥ የተሠመረ የርዝመት መለኪያ ግን አብሮ ስለሚያድግ እውነቱን ይናገራል። መለኪያውን ቆርጣችሁ ከጣላችሁት ግን ምስሉ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ደብዳቤ ይሆናል።

ስለ አሠራሩ ጥቂት

ኮምፒውተር የሌለው ተማሪ "እኔን አይመለከተኝም" እንዳይል፣ በርካታ ዲጂታል ካሜራዎች የተነሡ ምስሎችን በሚያሳዩበት ክፍል ውስጥ "ክሮፕ" ወይም "ትሪም" የሚል ትእዛዝ አላቸው። ብዙ ስልኮችም ይህን ይሠራሉ። ከብዙ ስሕተት በኋላ እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን እመርጣለሁ፤ ልብስ ሰፊ አካሉን ሳይለካ ጨርቁን አይቆርጥምና። ሁለተኛ፣ በካሜራው ትእዛዝ ውስጥ የወረቀቱን ምጥጥን እመርጣለሁ፤ ለ10 በ15 "3 ለ2"፣ ለ20 በ25 "5 ለ4"። ሦስተኛ፣ ክፈፉን በምስሉ ላይ እያንቀሳቀስኩ መካከሉን ሳይሆን አራቱን ጠርዞች እመለከታለሁ፤ ማን ዳር ቆሟል? የማን እጅ፣ የማን እግር ይቆረጣል? ለማሽኑም ጥቂት ሚሊ ሜትር ትርፍ እተዋለሁ። የካሜራው ስክሪን ትንሽ ስለሆነ ምስሉን አጉልቼ ዳር ዳሩን ሳላይ አልወስንም። አራተኛ፣ የቀረውን የፒክስል ቁጥር ለወረቀቱ ሴንቲ ሜትር አካፍላለሁ፤ 118 ቢሆን መልካም፣ 80 ቢሆን የሚቻል፣ ከዚያ ካነሰ ግን ትንሽ ወረቀት እመርጣለሁ።

አምስተኛውና ዋነኛው፣ ዋናውን ፋይል አልነካም። ብዙ ካሜራዎች የተከረከመውን በአዲስ ቁጥር ለብቻው ስለሚያስቀምጡ ዋናው ይተርፋል። አንዳንድ ስልኮችና ፕሮግራሞች ግን በላዩ ላይ ይጽፉበታልና "ቅጂ አስቀምጥ" የሚለውን መምረጥ ይገባል። ጄፔግ በተባለው ዘዴ የተቀመጠ ምስል ተከርክሞ በተቀመጠ ቁጥር ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ስለሚታመቅ ጥቂት ጥራት እንደሚያጣም አይዘንጋ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ስናነሣ ዳር ዳሩን ጥቂት ባዶ ቦታ እንተው፤ የምንወዳቸውንም ሰዎች በጅምላ ብቻ ሳይሆን አንድ በአንድ፣ ቀረብ ብለን፣ ፊታቸውን እናንሣ። ይህን የመጨረሻውን ምክር የምሰጠው በፊዚክስ መምህርነቴ ብቻ አይደለም።

ያ የመጀመሪያው ፎቶግራፍ በሳምንቱ ሳይቆረጥ፣ ከላይና ከታች ነጭ ጠርዝ ኖሮት እንደገና ታተመ። አያቴም ዳግመኛ ቆጠሩ፤ አሥራ ሁለት። "አሁን ሞላን" ብለው ወደ መቀመጫቸው ተመለሱ። ምስሉ እስከ ዛሬ በእናቴ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። በቀኙ ጫፍ የቆሙት ሴት ፊት ከሩቅ በደንብ ይለያል፤ ሲጠጉት ግን ይደበዝዛል። የመጀመሪያውን ጥፋት ለማረም አንድ ሳምንት በቃኝ። ሁለተኛውን ግን የሚያርም ፕሮግራም አላገኘሁለትም።